አሰልቺ መሆን ያቃተው በሽተኛ

ሰው ኃጢአቱን ለንስሐ አባቱ ይናዘዛል። የእኔዎቹ ግን ቄስ የሚያውቃቸው ዓይነት አይደሉም። «መድኃኒቴን ሙቅ ውሃ ውስጥ ቀቀልኩት» ለሚል ሰው ስንት ስግደት እንደሚታዘዝ የሚደነግግ ቀኖና ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ለአንባቢ እናዘዛለሁ። አንባቢ ቢያንስ ጾም አይጨምርብኝም፤ ጾሙ ራሱ ከጥፋቶቼ አንዱ መሆኑን ኋላ ታያላችሁ።

መጀመሪያ ሕመሜን ላስተዋውቃችሁ። ሰውነቴ ተዋሲያንን የሚዋጉትን አንቲቦዲዎች በበቂ መጠን አይሠራም። ሐኪሞች ሲቪአይዲ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከኤች አይ ቪ ጋርም ዝምድና የለውም። ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሰው ካደገና ከጎለመሰ በኋላ ነው። ማዳኛ ባይኖረውም ምትክ አለው። ከጤነኛ ሰዎች ፕላዝማ ይሰበሰባል፣ አንቲቦዲው ተለይቶ ይጣራል፣ ቫይረስ የሚገድሉና የሚያስቀሩ ደረጃዎችን ያልፋል፣ በብልቃጥ ይታሸጋል። እኔም በየሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ባለው ቤቴ ሶፋ ላይ ተቀምጬ፣ በትንሽ ፓምፕና በአጫጭር መርፌዎች ከቆዳዬ ሥር እወስደዋለሁ። አንዱን ብልቃጥ ለመሥራት የተዋጣው ፕላዝማ ከሺህ የሚበልጡ ሰዎች ነው።

መድኃኒቱ አስተማማኝ ነው። አስተማማኝ ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ይህ ሕክምና የሚፈልገው ጀግና አይደለም፤ ዛሬ ያደረገውን በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ምንም ፈጠራ የሚደግም አሰልቺ ሰው ነው። እኔ ደግሞ፣ ባለቤቴ ባትስማማም፣ አሰልቺ መሆን የማልችል ሰው ነኝ።

ጥፋቴ የሚጀምረው ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ነው። ታክሲ በምነዳባቸው ዓመታት ሳል ከእኔ አይለይም ነበር። የሳይነስ ሕመሙ ይሄዳል ይመጣል፤ የሳንባ ምች ደግሞ ይዞኝ ይለቅና ተመልሶ ይይዘኛል። ለሁሉም ማብራሪያ ነበረኝ። አንዴ የኤር ኮንዲሽኑ ንፋስ ነው፤ አንዴ ከኋላ ተቀምጦ ያስነጠሰው ተሳፋሪ ነው፤ አንዴ ደግሞ ተራ ምች ነው። ዳማከሴ ያሸሁበት መዳፌን አፍንጫዬ ላይ ደፍቼ፣ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ውጬ፣ ያ ሳይሆን ሲቀር ሰው ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን አሞክሳሲሊን ደስ ያለኝን ያህል ቀን ወስጄ አቆም ነበር። እንዲህ ደጋግሞ የሚታመም ሰው የአንቲቦዲ መጠኑ በአንድ ተራ የደም ምርመራ ሊለካ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ማወቅም አልፈለግኩም፤ የራሴ ሐኪም እኔው ነበርኩና።

የሚያስቀው ደግሞ ይህ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዋሽንግተን በጆርጂያ ጎዳና ስወርድ እያሳልኩ የማልፈው ዋልተር ሪድ የተባለውን የጦር ሠራዊት ሆስፒታል አጥር ታክኬ ነበር። ኦግደን ብሩተን የተባሉ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 አንድ ታሪካዊ ሕመምተኛቸውን ለዓለም ያስተዋወቁት ከዚያው ሆስፒታል ነው። ልጁ የስምንት ዓመት ሲሆን፣ ባክቴሪያ እየደጋገመ ደሙ ውስጥ እየገባ ያሠቃየው ነበር። ደሙ በዚያን ጊዜ አዲስ በነበረ መሣሪያ ሲመረመር ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ክፍል ጭራሽ አልተገኘበትም። ብሩተንም የጎደለውን ከሌሎች ሰዎች ደም ወስደው ከቆዳው ሥር ወጉት፤ ልጁም አገገመ። የእኔ መድኃኒት አያት ይህ ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ2011 ተዘግቶ ሥራው ወደ ቤተስዳ እስኪዛወር ድረስ፣ ሕክምናዬ በተወለደበት ደጅ ተሳፋሪ ጭኜ እየተመላለስኩ «ምች ነው» እል ነበር።

በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ደሜን አስለካች። ቀጥላ የሳንባ ምች ክትባት ሰጥታ፣ ሰውነቴ ለክትባቱ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ለማየት ከሳምንታት በኋላ እንደገና አስለካች። ሰውነቴ መልስ አልሰጠም። እንግዲህ እኔ ብቻ ሳልሆን ደሜም ምክር አይሰማም ማለት ነው።

ሕክምናው የተጀመረው በደም ሥር ነበር፤ በየአራት ሳምንቱ ሆስፒታል እየሄድኩ። ነርሷ ጠብታውን በጣም በዝግታ ትጀምራለች፤ የደም ግፊቴንና ትኩሳቴን እየለካች ደረጃ በደረጃ ታፋጥነዋለች። በዝግታ የሚጀመረው ሰውነት የሌሎች ሰዎችን ፕሮቲን እንዴት እንደሚቀበለው ለማየት ነው፤ ማንቀጥቀጥ፣ የደረት መጨናነቅ ወይም ሽፍታ ቢመጣ ቶሎ ለማቆም ይመቻል። እኔ ግን ሐሳቤ መኪናዬ ላይ ነበር። «እህቴ፣ የፓርኪንግ ሰዓቴ እያለቀ ነው፤ ትንሽ ጨምሪልኝ» እላታለሁ። እሷም ፈገግ ብላ «የፓርኪንግ ቅጣት ይከፈላል» ትለኝና ትታኝ ትሄዳለች። በልጅነቴ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ትርጉሙን ያስረዳችኝ ግን ተረቱን ሰምታ የማታውቅ የፊሊፒንስ ሴት ነበረች።

አሁን ወደ ጾሙ። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ቀንና በዕለቱ ብዙ ውሃ እንድጠጣ ተነግሮኛል። ዐቢይ ጾም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው እንደምታዝን አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ጠጣ» እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ያልጠየቅኳቸውም ለዚህ ነው። ጠዋት ተነሥቼ ጠብታ ውሃ ሳይነካኝ ሄድኩ። ነርሷ «ውሃ ጠጥተሃል?» ስትለኝ «በደንብ» አልኩ። ጾምን በውሸት ማጀብ ምን ዓይነት ጽድቅ እንደሆነ አላውቅም። ማታውን የጀመረኝ ራስ ምታት ዓይኔን ለመግለጥ እንኳ ከለከለኝ፤ መብራት አስጠፍቼ፣ ልጆቹን ዝም አሰኝቼ ተኛሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በራስ ምታት ብቻ ተላቀቅኩ። ፈሳሽ ያጣ ሰውነት በዚህ መድኃኒት ኩላሊቱ ሊጎዳ፣ ደሙም ሊረጋ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 የደም መርጋትን አደጋ በሁሉም የኢሚዩኖግሎቡሊን ምርቶች ላይ በጥቁር ሳጥን ከብቦ እንዲታተም ያዘዘው ለጌጥ አልነበረም። ያንን ሳጥን ያነበብኩት ከራስ ምታቱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ቤት ሕክምና ተዛወርኩ። በደም ሥር ሲሰጥ የአንቲቦዲው መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣና አራተኛው ሳምንት ሲቃረብ ያሽቆለቁላል። ከቆዳ ሥር በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ሲወሰድ ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይዋዥቅ ይቆያል፤ ራስ ምታቱም ይቀንሳል። ነርስ ቤት ድረስ መጥታ አስተማረችኝ። እጅ መታጠብ፣ ጠረጴዛውን ማጽዳት፣ የሚያበቃበትን ቀን ማየት፣ ፈሳሹ የደፈረሰ ወይም ቅንጣት ያለበት እንደሆነ በብርሃን መመልከት፣ ከእምብርት በደንብ መራቅ። ሁሉንም ከሷ ፊት ሳልሳሳት አደረግኩ። አደራዋን የበላሁት በሩ ከኋላዋ እንደተዘጋ ነው።

የመጀመሪያው ተጠያቂ አርሴናል ነው። የእኔ ብልቃጥ ከፍሪጅ ወጥቶ፣ በክፍሉ ሙቀት ቅዝቃዜው በራሱ እስኪለቀው መቀመጥ አለበት። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ትዝ አለኝ። ብልቃጡን ለሻይ ካፈላሁት ውሃ ውስጥ ነከርኩት። አሁንም አልሞቀ ሲመስለኝ፣ ከሳል ሽሮፕ የቀረኝ ልማድ ይዞኝ በኃይል ናጥኩት። አንቲቦዲ ፕሮቲን ነው፤ ሙቀት ያበላሸዋል፣ መናጥ አረፋ ያደርገዋል። እጄ ላይ የቀረው ድፍርስ አረፋ ነበር። ከሺህ በላይ ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡትን፣ ያውም እጅግ ውድ የሆነውን ነገር፣ የመጀመሪያው ኮርነር ሳይመታ ገደልኩት። አርሴናልም ተሸነፈ፤ ፍርድ ነው።

ከዚያ ስስቴ መጣ። አንድ ቀን ከብልቃጡ የተወሰነው ተረፈ። ዶሮ ወጥ ሲያድር እንደሚጥም የሚያምን ቤት ያሳደገው ሰው የተረፈ ነገር አይደፋም፤ ክዳኑን በፕላስተር ለጥፌ «ለሳምንት» ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አኖርኩት። ፈሳሹ ውስጥ ተዋሲያንን የሚከላከል ማቆያ የለም፤ የተከፈተ ብልቃጥ በዚያው ሰዓት ይወሰዳል፣ የተረፈው ይጣላል። ባለቤቴ አይታ ደፋችው። እኔም በመጸጸት ፈንታ ተቆጣሁ።

መርፌው ከገባ በኋላ ስሪንጁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ቱቦው ውስጥ ደም መኖር አለመኖሩን ማየት ግዴታ ነው። ደም ከታየ መርፌው ደም ሥር ነክቷል ማለት ነው፤ ለቆዳ ሥር የተዘጋጀው ወፍራም ፈሳሽ ደም ሥር መግባት የለበትም። ነቅሎ፣ ጥሎ፣ በአዲስ መርፌ ሌላ ቦታ መጀመር ነው። ደም አይቼ ስለማላውቅ ማየቱን ተውኩት። የማያይ ሰው ደም አለማየቱ ምን ይደንቃል?

ቦታ መቀያየርም እንዲሁ ነው። ሆድ፣ ጭን፣ ዳሌ፣ ሁሉም ተራ አላቸው። እኔ ግን የሆዴን ግራ ጎን መረጥኩ፤ ቴሌቪዥኑ ወዳለበት ዞሬ ስጋደም የሚመቸው እሱ ነበር። ከወራት በኋላ ቦታው ጠጠረ፣ ፈሳሹም አልሰርግ ብሎ በቆዳዬ ላይ እብጠት ሆኖ ይቆይ ጀመር። ትንሽ መቅላት፣ ማበጥና ማሳከክ የተለመደ ነው፤ ሰውነት ሲለምደው ይቀንሳል። የእኔ ግን ልማድ ሳይሆን ስንፍና ነበር። ነርሷ ስትመለስ ሆዴን ዳሰሰችና «ቴሌቪዥኑ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች። ሌላ ምንም አላለችም።

በጣም ያሳፈረኝ ግን ደብተሩ ነው። በየጊዜው ቀኑን፣ መጠኑን፣ የተወጋሁበትን ቦታና በብልቃጡ ላይ የተለጠፈውን የምርት ቁጥር መመዝገብ ነበረብኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ምርቱ ከሰው ደም የሚገኝ በመሆኑ አንድ ችግር ቢታወቅ የትኛው ብልቃጥ ለማን እንደደረሰ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1994 በደም ሥር የሚሰጥ አንድ ምርት ሄፓታይተስ ሲ እንዳስተላለፈ ታውቆ ከገበያ ወጥቷል፤ ዛሬ ያሉት ቫይረስ የማጥፊያ ደረጃዎች የጠበቁት ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤቱ ተደወለልኝ። ከአንድ የምርት ቁጥር የተወሰዱ ብልቃጦች ከተጠበቀው በላይ ሽፍታ አስከትለዋል፤ ከዚያ ደርሶኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ደብተሩን ገለጥኩ። ከመጀመሪያው ገጽ ቀጥሎ ያገኘሁት የባለቤቴን የበርበሬ ቅመም ልክ ነው፤ ኮረሪማ ይህን ያህል፣ ነጭ አዝሙድ ይህን ያህል። ሴትዮዋ በስልክ እየጠበቀች ነው። የቆሻሻውን ከረጢት ደፍቼ ባዶ ካርቶን ስፈልግ ያመሸሁትን ምሽት ልጆቼ እስካሁን ያወሩታል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ድኛለሁ» ማለቴ ነው። የዚህ አንቲቦዲ ግማሹ ከደም ለመውጣት ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ሳምንት የዘለለ ሰው ምንም አይሰማውም። እኔም አንድ ዘለልኩ፤ ምንም አልሆንኩም። ሌላ ዘለልኩ። «ይኸውና፣ ሐኪሞች ያጋንናሉ» እያልኩ በሰው አንቲቦዲ ደረቴን ነፋሁ። ብድሩ ቀስ እያለ እያለቀ መሆኑን ያወቅኩት የሳይነስ ሕመሙ ሲመለስ ነው፤ የሳንባ ምቹም ተከተለው። የወረደውን መጠን መልሶ ለማንሣት ደግሞ ሳምንታት ወሰደ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ መድኃኒቱን ጭምር ነበር የደበቅኩት። እንግዶች ቤታችን በነበሩበት ቀን አንዱ ቢራ ሊያወጣ ፍሪጁን ሲከፍት ብልቃጦቹንና ስሪንጆቹን አየ። «ይሄ የማነው?» አለ። የሰውነቴ የመከላከል አቅም ደካማ ነው ብል ሰው ወዲያው ምን እንደሚጠረጥር አውቃለሁ። በወጣትነቴ በኤች አይ ቪ የተያዙ ጎረቤቶቻችን የጠጡበት ብርጭቆ እንዴት ተለይቶ ይቀመጥ እንደነበር አይቻለሁ። ዝም ካሉት አንዱም ነበርኩ። የፈራሁት ትናንት ያገለልናቸው ሰዎች የደረሰባቸው እንዳይደርስብኝ ነበር። ስለዚህ «ስኳር አለብኝ» አልኩ።

ቡናው በረካ ሳይደርስ ወሬው ቨርጂኒያ ገባ። አሌክሳንድሪያ ያለችው አክስቴ በማግስቱ ደወለች፤ «የኔ ልጅ፣ ለምን ደበቅከኝ?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ቤት ሁሉ ቡናዬ ያለ ስኳር ይቀዳል። በልደት ቀን ኬኩ ሲዞር እኔን ይዘላል። አክስቴ በየወሩ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት ትልክልኛለች፤ ግራዋም ጨምራ ነበር። መራራውን ሁሉ ዓይኗ እያየኝ ጠጣሁት።

ይህ እንኳ የሚገባኝ ነበር። ያልተገባው፣ ስኳር ያለበት ጓደኛዬ ጠጋ ብሎ «አንተ ኢንሱሊን ስንት ነው የምትወስደው?» ሲለኝ የሆነው ነው። ሳላስበው የራሴን መድኃኒት መጠን ተናገርኩ፤ «ሃምሳ ሚሊ ሊትር»። ሰውዬው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ኢንሱሊን የሚለካው በዩኒት ነው፤ በተለመደው ዓይነት አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ መቶ ዩኒት አለ። በእኔ ሒሳብ በየሳምንቱ አምስት ሺህ ዩኒት ወስጄ ቡና ልጠጣ መጥቻለሁ። «ወይ አንተ ሞተሃል፣ ወይ ትዋሻለህ» አለኝ። መዋሸቱን መረጥኩ።

ውሸት ሲለመድ ቅጽ ላይም ይጻፋል። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ስዘጋጅ የቢጫ ወባ ክትባት ልወስድ ገባሁ። በቅጹ ላይ «የመከላከል አቅም ችግር አለ?» የሚለው ጥያቄ ፊት «የለም» ብዬ ምልክት አደረግኩ፤ ከእኔ ኋላ ተራ የያዘው ሐበሻ ነበርና። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ነው፤ እንደ እኔ ያለ ሰው አይወስደውም፣ የሚያስፈልገው የሐኪም ደብዳቤ ነው። ያተረፈችኝ የመድኃኒት ዝርዝሬን ያነበበችው ባለሙያ ናት። መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው።

ብልቃጦቹን በእጅ ሻንጣ ይዤ ተሳፈርኩ፤ ይህንን በትክክል አድርጌያለሁ። ሙቀት እንዳይነካቸው ብዬ ግን ከበረዶው ጋር አጣብቄ አሥሬያቸው ስለነበር ቦሌ ስደርስ ጠጥረው ነበር። አንዴ በረዶ የሆነ መድኃኒት ቢቀልጥም አያገለግልም። ሁሉንም ጣልኳቸው። ቢሆንም ጓደኞቼ ሥጋ ቤት ሲወስዱኝ አልተሽኮረመምኩም። «ሆዴ ውስጥ የሺህ ሰው አንቲቦዲ አለ» ብዬ ቁርጡን በአዋዜ ተያያዝኩት። መድኃኒቱ የሚሰጠኝ ግን ኢሚዩኖግሎቡሊን ጂ የተባለውን ዓይነት ነው። አንጀትን የሚጠብቀው ሌላው ዓይነት፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን ኤ፣ በመርፌ አይተካም። በዚያ ላይ አንቲቦዲ የሚያውቀው ለጋሹ ያጋጠመውን በሽታና የተከተበውን ክትባት ነው፤ የእኔ ለጋሾች ደግሞ አሜሪካ የኖሩ ናቸው። ጥሬ ሥጋውን አንዳቸውም አያውቁትም። የቀረውን ዕረፍቴን ያሳለፍኩበትን ክፍል ስም ለመጥቀስ ይህ ጽሑፍ አይመችም።

አሁን ተመክሬያለሁ። ለአክስቴ እውነቱን ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም ብላ «ታዲያ ያን ሁሉ ግራዋ ለምን ጠጣኸው?» አለችኝ። ደብተሬ ተሟልቷል፤ በርበሬው የራሱ ደብተር ተገዝቶለታል። ውሃ እጠጣለሁ፣ ቦታ እቀያይራለሁ፣ ደም መኖር አለመኖሩን አያለሁ፣ ብልቃጡን የፈላ ውሃ አላሳየውም። ብቸኛው ችግር በአሰልቺነቴ መኩራት መጀመሬ ነው። በክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ለአዲስ በሽተኞች እሰብካለሁ፤ ደብተሬን እያወጣሁ አሳያለሁ።

ባለፈው ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ስብከቴን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። መድኃኒቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደምትወስድ ነገረችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ቆዳህን በአልኮል ከጠረግክ በኋላ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ?»

አልኮል ተዋሲያንን የሚገድለው ቆዳው ላይ እየደረቀ ሲቆይ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ሲወጋ ደግሞ ያቃጥላል። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያንንም አልጠብቅም ነበር።